ጉዞውን በእናትሽ ጉልበት ለኩት

ደብዳቤው፦

«ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ዘወትር እከታተላለሁ። ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቻችን ጋር የምኖረው ፍራንክፈርት ነው፤ ልጆቹ 10 እና 7 ዓመታቸው ነው። በዚህ ዓመት የ72 ዓመት እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን ትመጣለች፤ የሸንገን ቪዛዋንም አግኝታለች። ባለቤቴ ይህን ምክንያት አድርጎ በኦገስት እንግሊዝ አገርን ለስምንት ቀን በኪራይ መኪና እንዙር አለና ዕቅድ አወጣ፦ ለንደን፣ ካምብሪጅ፣ ዮርክ፣ ሌክ ዲስትሪክት፣ ሊቨርፑል፣ ባዝ፣ ከዚያ ተመልሶ ለንደን። እናቴ ጉልበቷን ያማታል። ‹እኔ እናንተን ካየሁ ይበቃኛል› ትላለች እንጂ አልሄድም አላለችም። ጃንሆይ በስደት የኖሩበት ከተማ ባዝ መሆኑን ስነግራት ግን፣ በልጅነቷ ትምህርት ቤቷን ሊጎበኙ ሲመጡ እንዳየቻቸው አንሥታ በስልክ አንድ ሰዓት ሙሉ አጫወተችኝ። የሚያስጨንቀኝ መንገዱ ነው። እዚያ የሚነዳው በግራ ነው። ባለቤቴ ጥሩ ሹፌር ነው፤ ነገር ግን መኪና ውስጥ አስተያየት ስሰጠው ይቆጣል። ባለፈው ዓመት ጣልያን ስንሄድ ሁለት ቀን ተኳርፈን ነበር። በእናቴና በልጆቼ ፊት ይህ እንዲደገም አልፈልግም። የአውሮፕላን ትኬቱ ተቆርጧል፤ ሆቴልና መኪና ግን ገና ነው። ልሰርዘው? ወይስ በባቡር ብንሄድ ይሻላል?

የጨነቃት እህት፣ ከፍራንክፈርት»

መልስ፦

እህቴ፣ ትኬቱን አትሰርዢ። መኪናውንም ተከራዩ። ባቡር ለወጣቶች መልካም ነው፤ ጉልበታቸውን የሚያማቸውን እናት፣ ሁለት ልጆችንና አራት ሻንጣ ይዞ ከባቡር ባቡር መቀያየር ግን ከመንዳት የባሰ ያደክማል። ለእናትሽ ዐይን ደስ የሚሉት መንደሮችም አብዛኞቹ የባቡር ጣቢያ የላቸውም። መሰረዝ ያለበት የባለቤትሽ ዕቅድ ነው። ወደ እሱ እመለሳለሁ፤ አስቀድሜ ግን ደብዳቤሽን ሳነብ ያስደነገጠኝን ልንገርሽ።

እናቴ የሸንገን ቪዛ አግኝታለች ብለሽ አልፈሽዋል። ብሪታንያ ሸንገን በሚባለው የአውሮፓ አገሮች የጋራ ቪዛ ውስጥ የለችም። እናትሽ በዚያ ቪዛ ብቻ ከመጡ ገና ፍራንክፈርት ላይ አውሮፕላኑ አያሳፍራቸውም። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለያዘ ሰው የብሪታንያ የጎብኚ ቪዛ ራሱን ችሎ የሚጠየቅ ነው። ማመልከቻው በኢንተርኔት ይሞላል፤ ከዚያ በቀጠሮ በአካል ተሂዶ አሻራና ፎቶ ይሰጣል። ማመልከት የሚቻለው ከጉዞው በፊት ባሉት ሦስት ወራት ውስጥ ነው፤ ውሳኔው በተለመደው አሠራር አሻራ ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ ሦስት ሳምንት ገደማ ይፈጃል። ስለዚህ እናትሽ ከአዲስ አበባ ሳይነሡ ይጨርሱት። ወጪውን እናንተ የምትችሉ ከሆነ የግብዣ ደብዳቤያችሁንና የባንክ መግለጫችሁን ላኩላቸው። ከዚህ የሚበልጠው ግን ተመልሰው የሚገቡበት ኑሮ እንዳላቸው የሚያሳየው ነው፤ የቤታቸው ካርታ፣ የጡረታ ደብተራቸው፣ አገር ቤት ያሉ ልጆቻቸው ማስረጃ። ብዙ እናቶች የሚከለከሉት ይህ ጎድሎ ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ ከዚህ የረቀቀ ነው። የሸንገን ቪዛቸውን አውጥተሽ የመግቢያ ብዛት የሚለውን ቦታ ተመልከቺ። ቁጥሩ 01 ከሆነ ቪዛው ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ ነው፤ ወደ እንግሊዝ በወጡበት ቀን ያበቃል፤ ተመልሰው ፍራንክፈርት መግባት አይችሉም። እንዲህ ሆኖ ከተገኘ የእንግሊዙን ጉዞ የቆይታቸው መጨረሻ አድርጉት። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሂትሮው ወደ አዲስ አበባ ይበራል፤ እናንተ ወደ ፍራንክፈርት፣ እሳቸው ወደ ቤታቸው ከዚያው መሸኛኘት ትችላላችሁ። ትኬት የመቀየሪያው ገንዘብ ያናድዳል፤ ድንበር ላይ ከመቆም ግን ይሻላል።

እናንተም ብትሆኑ የጀርመን ዜጎች ከሆናችሁ በመታወቂያ ካርድ አትገቡም፤ እያንዳንዳችሁ ፓስፖርትና በኢንተርኔት የሚወሰድ የጉዞ ፈቃድ ያስፈልጋችኋል። ልጆቹም ጭምር። ከእናንተ መካከል አሁንም የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ካለ እንደ እናትሽ ቪዛ ይጠይቅ።

አሁን ወደ ዕቅዱ። ባለቤትሽ ያወጣው መስመር ተደምሮ ከ1000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ለጀርመን ሹፌር ይህ ቁጥር አያስፈራም፤ አውቶባን ላይ በአንድ ቀን የሚጠጣው ነው። የእንግሊዝ መንገድ ግን ሌላ ነው። በትልቁ ጎዳና እንኳ የፍጥነት ጣሪያው በሰዓት 70 ማይል ወይም 112 ኪሎ ሜትር ነው፤ በኦገስት ደግሞ አገሩ ሁሉ ለዕረፍት ስለሚወጣ፣ በተለይ ቅዳሜ፣ ያንንም አትነዱም። ከትልቁ ጎዳና ወጥታችሁ ወደ መንደሮቹ ስትገቡ መንገዱ በሁለት የቁጥቋጦ አጥር መካከል እየጠበበ ይሄድና አንዳንድ ቦታ ለሁለት መኪና አይበቃም፤ አንዱ ወደ ሰፋው ቦታ አፈግፍጎ ሌላውን ያሳልፋል። ካርታ ላይ 60 ኪሎ ሜትር ያያችሁት አንድ ሰዓት ተኩል ይበላችኋል። በዚህ አኳኋን ሰባት ቦታ በስምንት ቀን ማለት እናትሽ እንግሊዝ አገርን በመስኮት አይተው ይመለሳሉ ማለት ነው። በየማታው አዲስ ደረጃ ወጥተው፣ በየጠዋቱ ሻንጣ ዘግተው። የታመመ ጉልበት ይህን አይችልም።

ሁለት ቦታ ብቻ እረፉ፤ ዊንዘር ሦስት ሌሊት፣ ባዝ አራት ሌሊት። ሰሜኑን በሙሉ ተዉት። ዮርክ ድንቅ ከተማ ነው፤ ለሌላ ዓመት ይቆይ።

ለምን ዊንዘር? አንደኛው ምክንያት የሹፌር ነው። ዊንዘር ከሂትሮው በታክሲ ብዙ አይርቅም። አውሮፕላን ላይ የደከመ ሰው፣ ልጆች እየጮኹ፣ መሪው በቀኝ በሆነ መኪና ከአየር ማረፊያ እንዲወጣ አይደረግም። ታክሲ ያዙና ሆቴላችሁ ገብታችሁ እደሩ። በማግስቱም መኪና አትውሰዱ፤ ልጆቹ ለንደንን ካላየን ካሉ ከዊንዘር በባቡር ሄዳችሁ ተመለሱ። ለንደን መካከል ለመግባት የመጨናነቅ ክፍያ የሚባል አለ፤ ማቆሚያውም ውድ ነው፤ የኪራይ መኪና ይዞ እዚያ መግባት ገንዘብንም ትዕግሥትንም ማባከን ነው። መኪናውን በሦስተኛው ቀን ጠዋት ባለቤትሽ ብቻውን ሄዶ ያምጣ። አንድ ሰዓት ያህል ማንም ሳያየው፣ ማንም ሳይመክረው፣ ጸጥ ባለ መንገድ ይለማመድ። ከምነግርሽ ሁሉ የጣልያኑን ኩርፊያ የሚያስቀረው ይህ ይመስለኛል። ሰው በአዲስ ነገር ላይ ሲሳሳት የሚያፍረው በሚወዳቸው ሰዎች ፊት ነው፤ በአማቱ ፊት ደግሞ እጥፍ ነው። የሚቆጣው አንቺን ስለናቀሽ አይመስለኝም።

ሁለተኛው ምክንያት የእኛ ነው። በዊንዘር ቤተ መንግሥት ግቢ ባለው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ጸሎት የዓፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ተቀብሯል። እ.ኤ.አ. በ1868 መቅደላ ላይ አባቱ ሲሞቱ ልጁ ሰባት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀን ቀርቶት ነበር፤ የትንሹ ልጅሽ እኩያ ማለት ነው። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ወደ ባሕር በሚወስደው መንገድ ላይ ሞቱ። ወላጅ አልባ ሆኖ እንግሊዝ ደረሰ፣ ቼልትናምና ራግቢ ትምህርት ቤቶች ተማረ፣ ሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ገባ፣ በ1879 ኅዳር ውስጥ ሊድስ ከተማ በሳንባ ሕመም ዐረፈ። ገና 18 ዓመቱ ነበር። በቤተ ጸሎቱ ውስጥ በስሙ የተቀረጸ የናስ ሰሌዳ አለ፤ ከወንጌል የተወሰደው ቃል «እንግዳ ሆኜ ተቀበላችሁኝ» ይላል። አፅሙ ወደ አገሩ እንዲመለስ ተጠይቆ፣ በ2023 ቤተ መንግሥቱ የሌሎችን ሙታን ዕረፍት ሳይነኩ ማውጣት አይቻልም ብሎ መልሷል። ሰሌዳውን ራሳችሁ ስትፈልጉ እንዳትደክሙ በር ላይ ያሉትን ጠባቂዎች ጠይቁ። እሑድ ቤተ ጸሎቱ ለጎብኚ ዝግ ነው፤ ቤተ መንግሥቱም ብዙውን ጊዜ ማክሰኞና ረቡዕ አይከፈትም፤ ስለዚህ ቀኑን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ታሪኩን ለልጆቹ እናትሽ ይንገሯቸው። አንቺ አታስረጂ። ከአያታቸው አፍ ሲሰሙት ቋንቋውም አብሮ ይገባቸዋል።

ከዊንዘር ወደ ባዝ በምትሄዱበት ቀን ኮትስዎልድስ በሚባለው ኮረብታማ አገር እለፉ። ቤቶቹ ከማር ቀለም ድንጋይ የተሠሩ ናቸው። በርፎርድ ዳገታማ ዋና መንገድ አላት፤ ቦርተን ኦን ዘ ዋተር ደግሞ መካከሏን የሚያቋርጥ ጥልቀት የሌለው ወንዝና ዝቅተኛ የድንጋይ ድልድዮች አሏት፤ ልጆቹ እግራቸውን ይነክራሉ፣ እናትሽ አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ከሁለቱ አንዷን ምረጡ፤ ለጉልበት ቦርተን ትሻላለች። ባይበሪ የምትባለውን ሁሉም ፎቶ ያነሣታል፤ በኦገስት ግን አውቶቡስ ስለሚያጣብባት እኔ አልገባባትም። ኦክስፎርድን በአጠገቡ ስታልፉ ልብሽ ይቀራል፤ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ከጎንደር ይዟቸው የሄደው የግዕዝ ብራናዎች በቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት እንዳሉ ታውቂ ይሆናል። ብራናዎቹ ለመንገደኛ እንደ ዕቃ ተዘርግተው አይታዩም። በዚህ ጉዞ ኦክስፎርድ አይግባ።

ባዝ ስትደርሱ ሆቴል ሳይሆን ወጥ ቤት ያለው ቤት ተከራዩ፤ በተቻለ መጠን ደረጃ የሌለው፣ በምዕራብ በኩል ኒውብሪጅ በሚባለው ሰፈር ቢሆን ደስ ይለኛል። ምክንያቱን ልንገርሽ። በዚያ በኩል መኪና አቁሞ በአውቶቡስ ወደ መካከል የሚገባበት ማቆሚያ አለ፤ የመሀል ከተማው መንገድ ጠባብና ዳገታማ ስለሆነ መኪናችሁን ይዛችሁ አትግቡ። ሁለተኛ፣ ጃንሆይ የኖሩበት ፌርፊልድ ሀውስ የሚገኘው በዚሁ በኩል ነው።

ዓፄ ኃይለ ሥላሴ በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ከተናገሩ በኋላ፣ በዚያው በ1936 እ.ኤ.አ. ይህን ቤት ገዝተው እስከ 1940 እ.ኤ.አ. ኖሩበት። የባዝ ክረምት ቀላል አልነበረም፤ እቴጌ መነን ብርዱ አልስማማ ስላላቸው ወደ ኢየሩሳሌም ሄደዋል። ጣልያን ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ ጃንሆይ ከዚህ ተነሥተው በሱዳን በኩል አርበኞቹን ለመቀላቀል መጡ፤ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ። ቤቱን በ1958 እ.ኤ.አ. ለአረጋውያን መኖሪያ እንዲሆን ለባዝ ከተማ ሰጡት። ዛሬም አረጋውያን የሚሰባሰቡበትና ማኅበረሰቡ የሚጠቀምበት ቤት ነው። እንደ ሙዚየም በየቀኑ አይከፈትም፤ ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት ጻፉላቸው፣ እናትሽ በልጅነታቸው ንጉሡን ያዩ ሰው መሆናቸውንም ግለጹላቸው። በዕቅዳችሁ ላይ ባዝ ለሦስት ሰዓት ብቻ የተጻፈ ከሆነ፣ እናትሽ በስልክ አንድ ሰዓት ሙሉ ያወሩት ነገር በጉዞው ጅራት ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው።

በማግስቱ ወደ ሮማውያኑ መታጠቢያ ውሰዷቸው። ከምድር የሚወጣው ውሃ 46 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሙቀት አለው፤ በቀን ከአንድ ሚሊዮን ሊትር በላይ ይፈልቃል። የሮማውያኑ ገንዳ ለመታጠብ አይፈቀድም፤ እንፋሎቱን እያዩ ይዞሩታል፣ መጨረሻ ላይ ውሃውን መቅመስ ይቻላል። እቴጌ ጣይቱ ፍል ውሃን ወደው አዲስ አበባን ያቆረቆሩ መሆናቸውን ለሚያውቅ ሰው ይህ ከተማ እንግዳ አይሆንበትም። ትኬቱን አስቀድማችሁ በኢንተርኔት ቁረጡ፤ በኦገስት ሰልፍ መቆም ለእናትሽ አይሆንም። ሦስተኛውን ቀን ባዶ ተዉት። የምሬን ነው፤ ምንም አትጻፉበት። አራተኛው ቀን መመለሻ ነው፤ በመንገዳችሁ ስቶንሄንጅን ማየት ትችላላችሁ። ከትኬት መቁረጫው እስከ ድንጋዮቹ አውቶቡስ ስላለ እናትሽ ሩቅ አይራመዱም።

ስለ ምግብ ጥቂት ልበል፤ ብዙ ቤተሰብ የሚዘነጋው ነው። የምትሄዱት በኦገስት ከሆነ ፍልሰታ ነው፤ ከ7 እስከ 22። እናትሽ ይጾማሉ ብዬ እገምታለሁ። የእንግሊዝ ቁርስ እንቁላልና የአሳማ ሥጋ ነው፤ ነገር ግን ባቄላ በቲማቲም፣ እንጉዳይ፣ የተጠበሰ ቲማቲምና ደረቅ ዳቦ ለብቻ ማዘዝ ይቻላል። ምግብ ቤቶቹ ከእንስሳት የሚገኝ ምንም የሌለበትን ምግብ ቪጋን ብለው በዝርዝሩ ላይ ምልክት ያደርጉበታል፤ ለእናትሽ የጾም ማለት ነው በይና አሳዪያቸው። ድንች ጥብስ ሲሆን በምን ዘይት እንደተጠበሰ ጠይቁ፤ በከብት ሞራ የሚጠብሱ አሉ። ወጥ ቤት ያለው ቤት ተከራዩ ያልኩት ለዚህም ነው። ሽሮ፣ በርበሬና ድርቆሽ ይዛችሁ ሂዱ። ቋንጣና ንጥር ቅቤ ግን እንዳትይዙ፤ ከአውሮፓ ኅብረት አገሮች የበሬ፣ የበግ፣ የፍየልና የአሳማ ሥጋ እንዲሁም የወተት ተዋጽኦ ለራስ ፍጆታም ቢሆን ይዞ መግባት ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ ተከልክሏል። ቤታችሁ ያለውን ቅቤ ፍራንክፈርት ማቀዝቀዣ ውስጥ ተዪው።

አሁን መኪናው። አምስት ሰው ናችሁ፤ ሁለቱ ልጆች ናቸው። እንግሊዝ አገር ልጅ 12 ዓመት ወይም 135 ሴንቲ ሜትር እስኪሞላው ድረስ በልጅ መቀመጫ ይቀመጣል፤ ከሁለቱ አስቀድሞ የደረሰው ይቆጠራል። የጀርመን መቀመጫችሁ እዚያም ሕጋዊ ስለሆነ ይዛችሁ ሂዱ፤ ከአከራዩ ከመከራየት ይረክሳል። ሁለት የልጅ መቀመጫና አንድ አዋቂ በትንሽ መኪና የኋላ ወንበር አይበቁም። ሰባት ሰው የሚይዝ መኪና ውሰዱ፤ እናትሽ ከፊት ይቀመጡ፣ እግራቸውን ይዘርጉ፤ አንቺ ከልጆቹ ጋር ከኋላ ሁኚ። ይህንን ስልሽ ጉልበታቸውን ብቻ አላሰብኩም። አንቺ ከፊት ወንበር ስትነሺ የጭቅጭቁ ግማሽ አብሮሽ ይነሣል። መንገዱን ስልኩ ይንገረው፤ ስልኩን የሚይዝ መስቀያም ይዛችሁ ሂዱ፤ በእጅ ይዞ መንካት እዚያ ቅጣቱ 200 ፓውንድ ነው።

ማርሹ አውቶማቲክ ይሁን። ማኑዋል ከሆነ ባለቤትሽ በግራ እጁ ሊቀይር ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ይህ ተጨማሪ ሸክም ነው። አውቶማቲክ በዋጋ ይበልጣል፤ ክፈሉት። አከራዮች በዋናው ሹፌር ስም የወጣ የብድር ካርድ ይጠይቃሉ፤ ተራው የጀርመን የባንክ ካርድ ብዙ ቦታ ለመያዣ አይሆንም። አንቺም መንጃ ፈቃድ ካለሽ ስምሽን በሁለተኛ ሹፌርነት አስመዝግቢ፤ ያልተመዘገበ ሰው ከነዳ መድኑ አይሠራም። ለጉዳት ከራስ የሚከፈለው ድርሻ ከአንድ ሺህ ፓውንድ ሊያልፍ ይችላል፤ ያን ድርሻ የሚሸፍን መድን ከጉዞው በፊት ለብቻው መግዛት ከመስኮታቸው ከመግዛት ይቀንሳል። መኪናውን ስትረከቡ ዙሪያውን ከነቸርኬው በቪዲዮ ቅረጹት።

ቸርኬ ያልኩት በምክንያት ነው። ጀርመን የለመደ ሹፌር ሰውነቱ በመኪናው ግራ በኩል መሆንን ለምዷል፤ መሪው በቀኝ ሲሆንበት ሳያስበው ወደ ግራ ያዘነብላል። እኔም በመጀመሪያው ቀን የግራውን የፊት ቸርኬ ከእግረኛ መንገድ ጠርዝ ጋር ፍቄያለሁ። ባለቤትሽ በግራ ስፖኪዮ የመንገዱን ጠርዝ መስመር እየተመለከተ ይልመደው። አደባባይ ላይ ቅድሚያ ያለው ከቀኝ የመጣው ነው፤ የሚዞረውም በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ ነው። ጀርመን አገር ምልክት በሌለው መስቀለኛ መንገድ ከቀኝ የመጣ ያልፋል፤ እንግሊዝ እንዲህ ያለ ሕግ የለም፤ ማንም ቅድሚያ ስለሌለው ቀስ ማለት ነው። ነጭ ክብ ላይ ጥቁር ሰያፍ መስመር ሲያይ ጀርመን አገር ገደቡ እንዳበቃ ያነበዋል፤ እዚያ ግን አገራዊው ገደብ ተጀመረ ማለት ነው፤ መካከሉ ባልተከፈለ መንገድ 60 ማይል ወይም 96 ኪሎ ሜትር። በከተማ ውስጥ 30 ማይል፣ ብዙ ቦታም 20 ነው። ነዳጅ ማደያ ላይ አረንጓዴው እጄታ ቤንዚን፣ ጥቁሩ ናፍጣ ነው፤ ከመቅዳት በፊት ሁለቴ ይየው።

ሹፌር በተሳሳተው በኩል የሚወጣው ብዙ ጊዜ በተጨናነቀ መንገድ ላይ አይደለም፤ እዚያ ሌሎቹን ይከተላል። አደጋው ከነዳጅ ማደያ ወይም ከማቆሚያ ወጥቶ ባዶ መንገድ ሲገባ፣ በተለይ ጠዋት ነው። ይህን ሥራ ለልጆቹ ስጪ። መኪናው ከቆመበት በተነሣ ቁጥር ሁለቱ አብረው «በግራ!» ይበሉ። ከሚስት የመጣ ማሳሰቢያ ያስቆጣዋል፤ ከሰባት ዓመት ልጁ ሲመጣ ግን ፈገግ ይላል።

ስለ ማቆሚያ አንድ የደረሰብኝን ልንገርሽ። በአንዲት ትንሽ ከተማ ለሁለት ሰዓት ከፍዬ አቆምኩ፤ ከወር በኋላ አከራዩ ቅጣቱን ከራሱ የአገልግሎት ክፍያ ጋር ቆረጠብኝ። የሰሌዳውን ቁጥር ማሽኑ ላይ ሳስገባ ዜሮን ኦ ብዬ ጽፌ ኖሯል። የእንግሊዝ አዲስ ሰሌዳ ሁልጊዜ ሁለት ፊደል፣ ሁለት አኃዝ፣ ሦስት ፊደል ነው፤ ሦስተኛውና አራተኛው ብቻ ቁጥር መሆናቸውን ያዢ። የከፈላችሁበትንም ደረሰኝ ፎቶ እያነሣሽ አስቀምጪ። ሁለት ቢጫ መስመር ያለበት ጠርዝ ላይ ለደቂቃም አታቁሙ።

የቀረው ለባለቤትሽ መንገር ነው። ይህን ሁሉ በአንድ ምሽት አትዘርግፊበት፤ ዕቅዱን ያወጣው ለእናትሽ ክብር ብሎ ነውና በመጀመሪያ ያንን አመስግኚለት። ከዚያ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ካርታ አውጡና «እማማ ስለ ባዝ ያጫወተችኝን ልንገርህ» ብለሽ ጀምሪ። ንግግሩን ሙሉውን ይስማ። «ከባዝ ጀምረን ወደ ኋላ ብናወጣውስ?» በዪው እንጂ «ዮርክን እንሰርዝ» አትበዪው። መስመሩን ራሱ ይሥለው፤ ሹፌሩ እሱ ነው። ስለ ጣልያኑም አንሺው፤ ግን እንደ ክስ አይሁን። «እኔ ስፈራ አፌን መያዝ ያቅተኛል፤ ምን ብልህ አይከብድህም?» ብለሽ ጠይቂው። የሚነግርሽን አንድ ቃል ተቀበዪና በዚያ ተስማሙ። መንገድ ላይ ያ ቃል ከተነገረ እሱ ቀርቦ ባለው ደህና ቦታ ያቁም፤ የሚባለው መኪናው ከቆመ በኋላ ይባል። እናትሽ ከፊት ስለሚቀመጡ እሳቸውም ይወቁት፤ ስምምነቱን አንድ ላይ ንገሯቸው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ዛሬውኑ አዲስ አበባ ደውዪና አንድ ሰው የእናትሽን ፓስፖርት ከፍቶ የሸንገኑን ቪዛ ፎቶ አንሥቶ ይላክልሽ። የመግቢያ ብዛቱን እዪው። ለብሪታንያው ቪዛ የአሻራ ቀጠሮ የሚይዝላቸውንና እስከ በሩ የሚያደርሳቸውንም ሰው በዚያው ስልክ ለዪው፤ ወንድም ወይም እህት ካለሽ ይህ የእነሱ ድርሻ ይሁን።